ከማን ሰማሽው?

ሠላሳ አራት መጽሐፍ ጽፌአለሁ። ሠላሳ አራቱን ያነበበም፣ አንዱን ብቻ ያነበበም፣ ጭራሽ ያላነበበም ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው።

«ከማን ሰማሽው?»

ከማንም አልሰማሁትም። ከራሴ ነው ያወጣሁት። እንዲህ ስል ሰዎች ፈገግ ይላሉ፤ ሕፃን ልጅ «ጓሮ ውስጥ አንበሳ አየሁ» ሲላቸው የሚሉት ዓይነት ፈገግታ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ግድ የለም፣ ለእኔ ንገሪኝ። ያቺ የጓንግ ሙሽራ የእነማን ልጅ ነበረች?»

የማንም ልጅ አልነበረችም! ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ፣ የሪሐና ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ቀለም እስኪመጣ ስጠብቅ የፈጠርኳት ናት። አባቷም እናቷም እኔ ነኝ፤ በሦስት ቀን ወልጄ፣ ድሬ፣ በጎርፍ አስበላኋት።

ሀብትነሽ እባላለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ያገኘሁት ፊደሉን ብቻ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ። የቀረውን ያስተማረኝ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ቀበሌ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጥሎት የሄደ ሽፋን የሌለው ልቦለድ ነው። የልቦለዱ መጨረሻ ተቀዷል። ሁለት ወር ሙሉ መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ፤ ሳጣ ጊዜ ተናድጄ ራሴ ጻፍኩት። ሁሉንም ገደልኳቸው። ሥራዬ የተጀመረው እንዲያ ነው።

የመጀመሪያው የራሴ መጽሐፍ «ደም የለመደ ማረሻ» ይባላል፤ አርባ ስምንት ገጽ። እኔ በደብተር እጽፋለሁ፣ ሪሐና ትተይባለች፣ አባዝታ በስቴፕለር ትሰፋዋለች። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት አለማቋረጥ ጻፍኩ። የጅብ፣ የሙት፣ የመርማሪ ፖሊስ፣ የፍቅር። «ከጨረቃ የመጣው ደላላ» የሚል እንኳ አለኝ፤ ከጨረቃ የወረደ ፍጡር መናኸሪያ ቆሞ የቀን ሠራተኛ ሲመለምል። እሱን ያነበበ አንድ የጤና ባለሙያ፣ ዲግሪ ያለው ሰው፣ «የወሰዳቸው የትኛው ካምፕ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንባቢዎቼ በብዛት ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱት ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከራሱ ከጎንደር። መናኸሪያ ሲወርዱ ይገዙና ካምፕ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ማንበብ የሚችለው አንዱ፣ ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ራኩባ ሥር፣ በዚያች የሣር ጥላ፣ ለሌሎቹ ያነብላቸዋል። ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት ደግሞ ከእኔ ሌላ የሚያስፈራቸው አልነበረም። እነሱ ይፈልጋሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የጻፍኩትን መልሼ አላነብም። ጊዜ የለኝማ።

ባለፈው ነሐሴ ላይ ከጎንደር አንድ ማተሚያ ቤት ደወለልኝ። አሥራ ሁለት ታሪኮቼን መርጦ አንድ ላይ ሊያትማቸው ነው። በስቴፕለር አይደለም፤ ጥራዝ ያለው፣ መደርደሪያ ላይ ሲቆም ስሜ በጀርባው የሚታይ መጽሐፍ። የጠየቁኝ አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ታሪኮቹ የራሴ የፈጠራ ሥራ መሆናቸውን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለው። እስከ ጥቅምት አጋማሽ።

ደብዳቤውን የሚጽፈውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። ጉዳዩን የያዘው ባለሙያ ሰሎሞን ይባላል፤ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት እስክሪብቶውን ሦስት ጊዜ የሚሞክር ሰው ነው። ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አንዱ «ደራሲ»፣ አንዱ «ሰብሳቢ»። ስገባ እጁ «ሰብሳቢ» ላይ ነበር።

«ይህ የአካባቢው የቃል ሀብት ነው» አለኝ። «አንቺ ሰብስበሽዋል። ትልቅ ሥራ ነው፤ አናቃልለውም።»

«አቶ ሰሎሞን፣ የሚሰበሰበው ጥጥ ነው። ይህን እኔ ጻፍኩት።»

«ትርፏን ሂላ እኮ አያቴ ትነግረኝ ነበር።»

«አያትዎ መቼ አረፉ?»

«እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ።»

«እኔ የጻፍኩት አምና ነው።»

«እንዴታ፤ አንቺ የሰበሰብሽው አምና ነው።»

ወንበሩን ላነሳበት ምን ቀረኝ!

ትርፏ ሂላ ማለት ይህቺ ናት። ሰሊጥ ሲታጨድ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹ ራሳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ ተደጋግፈው፣ እስኪደርቁ ይቆማሉ። ያ ቁልል ሂላ ይባላል። የአጫጁ ሥራ የሚለካው ባቆመው ሂላ ስለሆነ፣ ሥራ ሲያበቃ እያንዳንዱ ስንት እንዳቆመ ይናገራል፤ የአጫጆቹ አለቃ፣ ካቦው፣ ደግሞ ማሳ ወርዶ ይቆጥራል። በእኔ ታሪክ ቆጠራው ሁልጊዜ በአንድ ይበልጣል። ማንም «የኔ ናት» የማይላት አንዲት ሂላ አለች። እሷን የፈታ ሰው በሰባተኛው ቀን ከመኝታው ይታጣል፤ በተኛበት ቦታ ሌላ ሂላ ቆማ ትገኛለች። ስጽፈው እኔ ራሴ ትንሽ ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም።

ከሰሎሞን ጋር ገና እየተናቆርን በሩ ተበረገደ። ጋሽ ደረበ ናቸው፤ ወደ ሽንፋ በሚወስደው መንገድ ትልቅ እርሻ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከትራክተራቸው የሚበልጥ ሽማግሌ።

«ያቺ ጸሐፊ ነኝ ባይ የት ናት?»

«ነኝ ባይ ሳልሆን ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ነሽ? እሰይ! ሰሊጤ አፉን ከፍቶ ቆሟል፤ አጫጆቼ ራኩባ ሥር ተጋድመዋል! ሠላሳ ስምንት ሰው! ካቦው ቆጠረ፤ ሰዎቹ 'መቶ አሥራ ሁለት አቆምን' አሉ፤ ማሳው ላይ ያለው መቶ አሥራ ሦስት። ከዚያ ወዲያ ኸላስ፤ ማጭድ የሚያነሳ ጠፋ። 'መጽሐፉ ላይ ያለችው መጣች' ይሉኛል። የምን መጽሐፍ ብል ያንቺን ደብተር አወጡ!»

«መጽሐፍ ነው ጋሽ ደረበ። ደብተር አይደለም።»

«ሰሊጡ ሦስት ቀን አይጠብቀኝም! ይርግፍልሽ?»

ሰሎሞን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ያቺን ፈገግታ አየኋት፤ የጓሮ አንበሳዋን።

«ሀብትነሽ፣ 'ፈጠርኩት' ብለሻል አይደል? እንግዲያው ከጋሽ ደረበ ጋር ሂጂና 'ውሸት ነው፣ ከራሴ ያወጣሁት ነው' በያቸው። ባንቺ ቃል ሥራ ከገቡ 'ደራሲ' ብዬ እጽፋለሁ። በማኅተም።»

«አሁኑኑ ይጻፉት፤ ተመልሼ ከምለፋ።»

«ሂጂ መጀመሪያ።»

በጋሽ ደረበ ፒክአፕ ሄድን። ዝናቡ ቆሟል፣ ጥቁሩ አፈር ግን አልደረቀም፤ መኪናው እንደ ሰካራም ይወላገዳል። እሳቸው መንገዱን ትተው እኔን ያያሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሌላ የሚጻፍ አጣሽ? ስለ ፍቅር አትጽፊም?»

«ስለ ፍቅር ስድስት ጽፌአለሁ።»

«ታዲያ?»

«በስድስቱም ይሞታሉ።»

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም።

ካምፑ ስንደርስ ራኩባው ሥር ሰዉ ተኮልኩሏል። መሐል ላይ ካቦው ማተቤ፣ ረጅም ጎጃሜ፣ መጽሐፌን ይዞ እያነበበ ነው። መቼም ደራሲ መጽሐፏ ሲነበብ ስትሰማ ደስ ይላታል ይባላል። እኔ ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር እንደሰማሁ ደሜ ፈላ። «ነዶዎቹ መሐል ጸጉር ነበር» ብዬ ነው የጻፍኩት። እሱ «የሴት ጸጉር፣ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ቅቤ የተቀባ» እያለ ያነባል።

«ቅቤው ከየት መጣ?» አልኩት።

ቀና አለ። «አንች ማነሽ?»

«ቅቤ ያልቀባሁት ነኝ። ሀብትነሽ። ሽፋኑ ላይ አለሁልህ።»

ሠላሳ ስምንቱም ተነሡ። እውነት ለመናገር ትንሽ ኮራሁ። አንዱ ጄሪካን ገልብጦ መቀመጫ ሰጠኝ፣ አንዱ ውኃ አቀበለኝ። ማተቤ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ አለ።

«እታለም፣ አንች ነሽ ያየሻት?»

«አላየሁም። የለችም። ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት።»

ማተቤ ወደ እኔ አየ፣ ወደ ፒክአፑ አየ፣ ወደ ጋሽ ደረበ አየ።

«በማን መኪና መጣሽ?»

«በሳቸው።»

«ይኸው!» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «በጌታው መኪና መጥታ ምን ትበል? አስፈራርተዋታል። አይዞሽ እታለም፣ ገብቶናል።»

«ማንም አላስፈራራኝም! ቆይ ስማኝ። ባለፈው ዓመት ሪሐና ቤት ቁጭ ብዬ፣ አንድ ካቦ ቆጠራ ስቶ ከሠራተኞቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። 'ብትበልጥስ?' ብዬ አሰብኩ። በቃ። ይኸው ነው። አሰብኩት!»

«የሰማሽው ከካቦ ነዋ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ከካቦ የሰማሁት ጭቅጭቅ ነው!»

«የቱ ካቦ? ስሙን ያዝሽው?»

ጭንቅላቴን ያዝኩ። ከራኩባው ጀርባ ሳቅ ሰማሁ። እትዬ ትርሐስ ናቸው፤ የካምፑ ወጥ ሠሪ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ማማሰያቸውን እንደ ከዘራ የያዙ ሴት።

«አትልፊ ልጄ» አሉኝ። «እኔ እንኳ በመጀመሪያው ቀን ነግሬአቸዋለሁ። ያቺ ሂላ የኔ ናት። ሲሸከሙ የሚያንጠባጥቡትን ለቅሜ፣ አስሬ፣ ዳር ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ።»

«ቃርሚያ?» አሉ ጋሽ ደረበ። «በኔ ማሳ?»

«ዝናብ ከሚያበሰብሰው ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ ሰማህ?» አልኩት ማተቤን። «ሰማህ ወይ? እሳቸው ናቸው ያቆሟት!»

ማተቤ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ ትርሐስ ለኛ አዝነው ነው። ሥራ እንዳንፈታ ብለው በራሳቸው ወሰዱት። እናት አይደሉ?»

እኔና እትዬ ትርሐስ ተያየን። እኔ ጻፍኩት እላለሁ፣ እሳቸው አቆምኩት ይላሉ፤ የሚሰማን የለም።

ማሳው ዳር ሄድኩ። መቶ አሥራ ሦስተኛዋ ሂላ ትንሽ፣ ጎባጣ፣ የእንጀራ ልጅ የምትመስል ናት። ሰዎቹ በሩቁ ተከተሉኝ። ማሰሪያዋን ይዤ ሳብኩት፤ ነዶው ተበተነ፤ ሰሊጡ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ጸጉር የለም። ቅቤም የለም።

«ይኸው ፈታኋት! ምን ሆንኩ?»

«ገና ነዋ» አለ ማተቤ በትሕትና። «ሰባት ቀን ነው እኮ። ራስሽ ጽፈሽው።»

ሰባት ቀን! ሦስት ቀን ብዬ ብጽፈው ምን ነበረበት? ግን ሦስት ቀን አያስፈራም፤ ሰው ሳይጨነቅ ያልቃል። ሥራዬን በደንብ በመሥራቴ በገዛ ሥራዬ ታሰርኩ። ጋሽ ደረበ አንዱን የሰሊጥ ራስ መዳፋቸው ላይ አራግፈው ነጩን ፍሬ እያዩ ቆሙ። ያን ጊዜ ብቻ ነው ያልጮኹት።

«የቆጠራ ደብተርህን ስጠኝ» አልኩት ማተቤን።

ጄሪካኑ ላይ ተቀምጬ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ተኩል። ሠላሳ ስምንት ሰው ትንፋሹን ይዞ እስክሪብቶዬን ያያል፤ እንዲህ ተመችቶኝ ጽፌ አላውቅም። ስጨርስ ማተቤ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው፤ ትርፏ ሂላ ሰው የምትበላው ባለቤት ስለሌላት ነው። የማሳው ጌታ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ፣ ካምፑን ለምታበላው ሴት በስሟ ጠርቶ ከሰጣት ረክታ ትተኛለች። የፈታትም ሰው ይድናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆጠራው ይገጥማል።

ከዚያ ማተቤ ጠየቀ።

«ይህን ደግሞ ከማን ሰማሽው?»

ሰሊጡን አየሁ። ሰማዩን አየሁ። ስምንት ዓመት የታገልኩትን ተውኩት።

«ከአያቴ» አልኩ።

«አሃ!» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ። ትከሻቸው ሲረግብ አየሁት።

ጋሽ ደረበ ጥርሳቸውን ነክሰው ማሳው ዳር ቆሙ። «ይህቺ ሂላ…» አሉና እኔን በክፉ ዓይን አዩኝ፤ «የትርሐስ ናት።»

«ሙሉ ስሟን ይጥሩ ጌታው» አለ ማተቤ። «'በስሟ' ይላል።»

ጠሩ። እትዬ ትርሐስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየሳቁ የተበተነችውን ሂላቸውን መልሰው አሰሩ። አጫጆቹ ማጭዳቸውን አነሡ። ጋሽ ደረበ ከተማ ላይ ጉዳይ ነበራቸውና መኪናውን እስኪያስነሱ እኔ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ቆምኩ።

«ልጄ» አሉኝ እትዬ ትርሐስ ቀስ ብለው፣ «አንቺ ውሸታም ነሽ።»

«ምን አሉኝ?»

«አያትሽ አልነገረችሽም። አሁን፣ እዚያ ጄሪካን ላይ ነው ያወጣሽው። ደግሞ ረስተሻል፤ በዘጠነኛው መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለው ክፉ ነገር የሚባረረው በጨው ነበር።»

«ዘጠነኛውን አንብበዋል?»

«ማንበብ አልችልም። ወጥ እያማሰልኩ ስምንት ዓመት ሰምቼአለሁ፤ አንድ አላመለጠኝም። ሹፌሩን ዓሊን በስድስተኛው ላይ ጅብ ግራ እግሩን በላው። ስንት ቀን አዘንኩለት! በአሥራ ሰባተኛው ላይ ያው ዓሊ በሁለት እግሩ በር ገንጥሎ ገባ። ሩፊዳ በአራተኛው ሞታ ተቀበረች፤ በአሥራ ሁለተኛው መተማ ዮሐንስ ሻይ ትሸጣለች። እንደ ሙት አይደለም፤ እንደ ደኅና ሰው፣ ስኳር ጨምራ!»

ስለ ሥራዬ እንዲህ የተናገረኝ ሰው የለም። «ያ… ሌላ ሩፊዳ ናት።»

«ጠባሳዋስ? እዚያው ግንባሯ ላይ ነው።»

ደኅና ዋሉም ሳልላቸው መኪናው ውስጥ ገባሁ። ሠላሳ አራት መጽሐፍ ጽፌ፣ አንዲት ወጥ ሠሪ የሩፊዳን ጠባሳ ትቆጥርብኛለች!

በማግስቱ ሰሎሞን ጋ ገባሁ። ሰዎቹ ሥራ ገብተዋል፤ ሰሊጡ እየታጨደ ነው፤ ደብዳቤዬን ይስጡኝ አልኩት።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ጋሽ ደረበ ትናንት ሲመለሱ ነግረውኛል። መድኃኒቱን ነግረሻቸው ነው የገቡት። ሲጠይቁሽም 'ከአያቴ ሰማሁት' ብለሻል። በራስሽ አፍ።»

«ስላቃጠሉኝ ነው! አያቴን አላውቃትም፤ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው!»

«የኔም አያት ታሪኩን ታውቀው ነበር፣ ያንቺም ታውቀው ነበር። እንግዲህ ይህ ምን ይባላል?» እስክሪብቶውን ወረቀት ጥግ ላይ ሞከረ። አንድ። ሁለት። «ሰብሳቢ መባል ክብር ነው፣ ሀብትነሽ።»

«ሦስተኛውን አይሞክሩት» አልኩና በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

ጎንደር ደወልኩ። «በሰብሳቢ» ከሆነ በእኔ ስም እንደማያትሙት፣ «የመተማ ተረቶች» ብለው እንደሚያወጡት ነገሩኝ። ስሜ መግቢያው ላይ፣ ምስጋና ውስጥ ይገባል። ምስጋና! ዓሊን፣ ሩፊዳን፣ የጨረቃውን ደላላ ወልጄ ሳበቃ እንደ ጎረቤት ልመሰገን! ሪሐና የተየበችውን ወረቀት አስቀምጣ አየችኝ።

«እሺ፣ የራስሽ መሆኑን ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?» አለችኝ።

አንድ ሰው ያውቃል። ያ ነው የከፋው።

ቅዳሜ ገበያ ነው። እትዬ ትርሐስ ለካምፑ ሽንኩርትና በርበሬ ሊገዙ እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ሽንኩርት ተራ አገኘኋቸው። ለመለመን አልተፈጠርኩም፤ ሁለት ጊዜ አልፌአቸው ተመለስኩ።

«እትዬ ትርሐስ፣ ቢሮ ድረስ አብረውኝ ይምጡ።»

«ምን ልሆን?»

«ያሉኝን እዚያ ይድገሙት። የዓሊን እግር። ሩፊዳን።»

ሽንኩርቱን መሬት አስቀምጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ስሕተትሽን ልናገርብሽ? ሰው ፊት?»

«አዎ።»

«ጨውንም?»

«ጨውንም» አልኩ በተዘጋ ጥርስ።

ቢሮው ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ይሠራል። ሰሎሞን ጉዳዩ ሲገባው ተቀመጡ አላቸው። እሳቸው ግን ቆመው ጀመሩ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ። አንዱንም አልዘለሉልኝም። ዕድሜዋ ከእናቷ የሚበልጥ ልጅ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ የጠለቀች ፀሐይ፣ በመቃብሩ ላይ ራሱ ያለቀሰ ሟች። እኔ መስኮቱን እያየሁ ጥፍሬን መዳፌ ውስጥ ቀበርኩ። ወረፋ የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ተሰብስበው ይስቃሉ።

«እና ጌታዬ» ብለው ጨረሱ፣ «ከአባት ከእናት የተወረሰ ነገር እግር ቆርጦ መልሶ አያበቅልም። የሰሙትማ ይጠብቁታል። ይህቺ ልጅ የምትለውን አታውቅም፤ እንደመጣላት ነው።»

ሰሎሞን እስክሪብቶውን ያዘ፤ አልሞከረውም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሌባ፣ «ጓንግም አለች» አለ።

«ምን?» አልኩት።

«የጓንግ ሙሽራ። በሚያዝያ ጎርፍ ወሰዳት ብለሻል። የጓንግ ወንዝ በሚያዝያ አሸዋ ነው እኮ፤ በጫማዬ ተሻግሬዋለሁ። ሳነበው… ሁሌም ይከነክነኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ምን ነካቸው፣ ይህን እንዴት ይስታሉ እላለሁ።»

«ሽማግሌ የለበትም!» ጮኽኩ። «ሠርግ በሚያዝያ ነው! ከፋሲካ በኋላ መዳር ነበረባት! ጎርፍ ደግሞ ያስፈልገኝ ነበር!»

«ያስፈልግሽ ነበር?»

«አዎ፣ ያስፈልገኝ ነበር! ሙሽራዋን በምን ልውሰዳት? በአሸዋ?»

ሰሎሞን ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግታዋ ፊቱ ላይ አልነበረችም። ፎርሙን ስቦ የቀድሞዋን ምልክት ሰረዘና ሌላኛው ሳጥን ላይ አደረጋት። ደብዳቤውን ጻፈ፤ አስተየበ፤ ማኅተሙን መታ።

ደጅ ወጥቼ አነበብኩት። «ደራሲት ሀብትነሽ» ይላል። ስሜ ፊት ያቺን ቃል በማኅተም ሳያት ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ «ሥራዎቹ በሙሉ የራሷ ፈጠራ መሆናቸው በውስጣቸው ከሚገኙት ስሕተቶች ብዛት የተረጋገጠ ሲሆን፣ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት እንጠይቃለን።»

ተመልሼ ልገባ ነበር። ደብዳቤውን ፊቱ ላይ ልወረውር። እትዬ ትርሐስ ክንዴን ያዙኝ።

«ደራሲ አላለም?»

«ብሏል።»

«እንግዲያው ምን ያንገበግብሻል? ይዘሽ ሂጂ።»

አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት፤ እንዳይጨማደድ በደብተር መሐል። ወደ ሽንኩርት ተራ አብረን ሄድን፤ ከረጢታቸውን እኔ ያዝኩላቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። የዓሊን እግር ጎንደር ከመሄዱ በፊት ማስተካከል አለብኝ እያልኩ አስባለሁ፤ ከሠላሳ አራቱ መጽሐፍ አንዱንም መልሼ አላነበብኩም፤ ጥቅምት አጋማሽ ደግሞ አሥር ቀን ቀረው። ሊያስታውሱኝ የሚችሉት እኚህ ሴት ብቻ ናቸው፤ ይህን ደግሞ እንዴት አድርጌ እጠይቃቸዋለሁ?

«ልጄ» አሉኝ ድንገት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

ደከመኝ። «ከማን ሰማሽው» ሊሉኝ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበቅኩ። «ይጠይቁ።»

«ለምን አስበላሽው? የዓሊን እግር። ደግ ሰው አልነበረም እንዴ?»

ገበያው መሐል ቆምኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ የለም። መልስ ፈለግሁ፤ እኔ፣ መልስ የማላጣው። ሽንኩርቱ ትከሻዬን እየቆረጠኝ ቆሜ አሰብኩ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ አጥፈው ጠበቁኝ።